የቁራጮቹ ጫፍ አልገጥም አለኝ፤ ስፌት የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ከሰፈር ሴቶች ጋር ሆነን ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ከቁራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ እየሰፋን ነው። የጮቄ ተራራን ነፋስ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ጥቅምት ላይ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል።

ጨርቁን አንድ ልብስ ሰፊ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር አድርጎ ቆርጦ ሰጠን። ወደ ጎን 6፣ ወደ ታች 7። በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር ለስፌት ሲሄድ 108 በ126 መውጣት ነበረበት። ረድፎቹ ግን አንዱ ረዝሞ ሌላው አጥሮ ይመጣል። ፖፕሊኑ ደህና ነው፤ ነገር የሚያበላሸው የካናቴራው ጨርቅ ነው። የስፌት መኪናው ስር ሲገባ ይለጠጥና አራቱ ጫፎች የሚገናኙበት ቦታ ይጣመማል። የስፌቱን ትርፍ አንዱን ረድፍ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩን ወደ ግራ በካውያ አስተኛሁት። ትንሽ ተሻለ እንጂ አልዳነም። ካናቴራውን ላውጣው ወይስ ከጀርባው አቡጀዲ ልደርብበት? ባወጣው ደግሞ ቀለሙ ያሳዝነኛል፤ ደማቁ እሱ ነው።

ውስጡ አሮጌ ጋቢ ነው፤ ታጥቦ ታጥቦ መሸብሸቡን ጨርሷል። ሦስቱን ድርብ (የላዩን ጨርቅ፣ ጋቢውንና የታቹን) ግን መኪናው አልችል አለ፣ መርፌ ይሰብራል። በየማዕዘኑ በወፍራም ክር በእጅ ብቋጥረው እጥበት ይችላል? ወይስ መሀል መሀሉም ይቋጠር? በሞቴ፣ የሞከራችሁ ንገሩኝ።