ጄድ ጋዜጠኛ ናት ወይስ ታጋይ?

ቀይ እስክሪብቶ፦
ትናንት አንዱ «የጋዜጠኝነት ተማሪ ሁሉ ቢዮንድ ጉድ ኤንድ ኢቭልን ሳይጫወት አይመረቅ፤ ፎቶው ካለ አለቀ» ብሎ ለጥፎ ስንቱ አጨበጨበለት። የፈረንሳዩን ጌም ሠሪ የዩቢሶፍትን ጌም እኔም በፈረንጆቹ 2003 ከወጣ ጀምሮ እወደዋለሁ። ግን ዋና ገጸ ባሕሪዋ፣ ፎቶ ጋዜጠኛዋ ጄድ ምን ታደርጋለች? ተደብቃ ፋብሪካ ትገባለች፣ ዘቡን ጀርባው ላይ ያለውን የአየር ጋን መትታ ትጥላለች፣ ፎቶ አንስታ ለአይሪስ ትልካለች፣ ሕዝቡ ያምፃል። አይሪስ እኮ ዜና ክፍል ሳይሆን ኅቡዕ ድርጅት ነው! ትግሉን አልጠላሁም፤ ጋዜጠኝነት ነው አትበሉኝ እንጂ።

ዳታ የለኝም፦
ደግሞ ጀመረህ። ጌሙ የሚካሄድባትን ፕላኔት የሂሊስን ሚዲያ ረሳኸው? ጦሩ አልፋ ሴክሽን ከወራሪዎቹ ባዕድ ፍጡራን ከዶምዞቹ ጋር ተመሳጥሮ ሰው ያፍናል፣ ቴሌቪዥኑ ጠባቂያችን እያለ ያወድሰዋል። በየት በር ትግባ? ቀጠሮ ታስይዝ? ፎቶው ካለ አለቀ።

እታለም፦
አለቀ? እኔ ኤዲተር ነኝ፤ ፎቶ ሲመጣልኝ ነው ሥራዬ የሚጀምረው። ማን አነሳው? መቼ? የታፈነው ሰው ቤተሰብ ምን ይላል? የተከሰሰው ወገን ተጠይቋል? ጌሙ ከጄድ የሚፈልገው ፎቶ ነው እንጂ ቃለ መጠይቅ አይደለም።

ቀይ እስክሪብቶ፦
ተባረኪ እህቴ። በዚያ ላይ የአይሪስ አለቃ ማን ሆኖ ተገኘ? አጎቷ ፔይጅ! አጎቷ ታፍኖባት ዘገባውን የምትሠራው ራሷ ናት።

ሚኪ ዘ ጨርቆስ፦
ወይኔ! ገና እየተጫወትኩ ነበር እኮ። ምን አለ ብታስጠነቅቅ?

ቀይ እስክሪብቶ፦
ከ20 ዓመት በላይ ቆየ እኮ ወንድሜ።

ሚኪ ዘ ጨርቆስ፦
የ20ኛ ዓመት እትሙ የወጣው በ2024 ነው፤ እኔም በእሱ ነው የጀመርኩት። ነውር ነው።

የአራዳ ዘመድ፦
እሱን ተዉትና፣ አሜሪካዊቷ ጋዜጠኛ ኔሊ ብላይ በ1887 እብድ መስላ ኒውዮርክ ብላክዌል ደሴት ላይ የሴቶች የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ገብታ 10 ቀን ቆይታ ጻፈች። ጋናዊው ጋዜጠኛ አናስ አረመያው አናስ ፊቱን በዶቃ ሸፍኖ ይሠራል፤ በ2015 ዳኞች ጉቦ ሲቀበሉ በድብቅ ካሜራ ቀርፆ አጋለጠ። እነሱንም ታጋይ በላቸው።

ቀይ እስክሪብቶ፦
አናስን ካነሳህ ታሪኩን ጨርሰው። አብሮት የሠራው አህመድ ሱዋሌ ጥር 2019 አክራ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ከዚያ በፊት አንድ የፓርላማ አባል የሱዋሌን ፎቶ በቴሌቪዥን አሳይቶበት ነበር። ፎቶው ካለ አለቀ ማለት ይሄ ነው?

ዳታ የለኝም፦
የሞተ ሰው አምጥተህ አፍ ታዘጋለህ። የገዳዩ ጥፋት የካሜራው ነው?

እታለም፦
እንደዚያ ማን አለ? ሂሊስ ላይ ፎቶው ሲወጣ ሕዝቡ ወዲያው አምኖ አደባባይ ይወጣል። እዚህ ምድር ላይ ግን ግማሹ «የተቀናበረ ነው» ይልሻል፣ ግማሹ ማን ከፈላት ብሎ ይጠይቃል። ተደብቆ መግባቱም ዋጋ አለው። የአሜሪካው ቴሌቪዥን የኤቢሲ ጋዜጠኞች በ1992 በሐሰተኛ ማመልከቻ ፉድ ላየን ሱፐርማርኬት ተቀጥረው በድብቅ ካሜራ ቀረፁ። የመጀመሪያው ፍርድ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ የቅጣት ካሳ ነበር፤ በ1999 ይግባኝ ሰሚው ያንን ሰርዞ 2 ዶላር ብቻ አስቀረ።

ዳታ የለኝም፦
2 ዶላር! በቃ ተፈቅዷል ማለት ነዋ። ራስሽ አሸነፍሽልኝ።

እታለም፦
1 ዶላሩ ያለፈቃድ ለመግባት፣ 1 ዶላሩ ቀጣሪን ለመክዳት። ጥፋተኛ ናችሁ ተብለዋል። ስንት ዓመት እንደተመላለሱና ለጠበቃ ስንት እንደወጣ አስበው።

የአራዳ ዘመድ፦
በ2 ዶላር እኔም ዛሬ እገባለሁ። የት ነው የሚከፈለው?

ቀይ እስክሪብቶ፦
አንተ መጀመሪያ የዕቁብህን ክፈል።

ዳታ የለኝም፦
እናንተ ደመወዝ እየበላችሁ ነው የምትፈርዱት። ጌሙ ሲጀምር የጄድን ቤት የሚከልለው የኃይል ጋሻ የሚጠፋው የመብራት መክፈያ ስለሌላት ነው። የእንስሳ ፎቶ ለሳይንስ ማዕከል እየሸጠች ወላጅ አልባ ሕፃናት የምታሳድግ ልጅ ላይ ነው ሥነ ምግባር የምታስተምሩት?

እታለም፦
በጌሙ ውስጥ ንጹሕ ጋዜጠኝነት የምለው የእንስሳቱን ፎቶ ነው። ኅቡዕ ድርጅት አላሰማራትም፣ ማንንም አልመታችም፣ በሥራዋ ልክ ተከፈላት።

ቀይ እስክሪብቶ፦
ሌላም ልጨምር። የጌሙ ፈጣሪ ሚሼል አንሴል በ2020 ከዩቢሶፍት ሲወጣ የፈረንሳዩ ጋዜጣ ሊቤራሲዮን ሠራተኞቹን ጠይቆ ስለ አመራሩ ቅሬታቸውን ጻፈ፤ እሱም አስተባበለ። ያስተባበለውም ተጻፈ። የዘቡ ጀርባ ሳይመታ ማለት ነው።

ዳታ የለኝም፦
ሠራተኛ የሚናገረው የማይታፈንበት አገር ስለሆነ ነዋ! ሂሊስ ላይ ማን ይናገርሃል? ጭራሽ ሰውየውን አመጣህ።

ሚኪ ዘ ጨርቆስ፦
ሁለተኛው ጌምስ መቼ ነው የሚወጣው? በ2008 አሳዩን፣ በ2017 ደግመው አሳዩን።

የአራዳ ዘመድ፦
ጄድን ልከህ ፎቶ አስነሳው።

ሚኪ ዘ ጨርቆስ፦
ቆይ፣ ፔይጅ ግን ይተርፋል? አትንገሩኝ። እሺ ንገሩኝ።