ተከስሼ በነፃ ተሰናበትኩ፤ ሥራ ግን አጣሁ (ባሕር ዳር)

ስቶር ኪፐሩ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሽንብጥ ነው የምኖረው። ዕድሜዬ 31 ነው። የሕንፃ መሣሪያ መጋዘን ውስጥ 4 ዓመት ስቶር ኪፐር ሆኜ ሠርቻለሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ቆጠራ ሲደረግ 43 ኩንታል ሲሚንቶ ጎደለ። ቁልፉ እኔና ሌላ ሰው እጅ ነበር፤ የተጠየቅኩት እኔ ብቻ። 11 ቀን ታሰርኩ፣ አሻራ ሰጠሁ፣ በእምነት ማጉደል ተከሰስኩ። ገና እስር ላይ እያለሁ የስንብት ደብዳቤ ቤት ደረሰ። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ተመላለስኩ። ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን አሰምቶ ሲጨርስ ዳኛዋ “መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ይሰናበት” አሉ። እናቴ ከኋላ ወንበር እልል ልትል ስትል ፖሊሱ በእጁ ምልክት አስቆማት። ያን ቀን ሁሉም ነገር ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ይኸው 8 ወር ሆነኝ። ሦስት ቦታ አመለከትኩ። አንዱ ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል ነው። ቢን ካርድ (የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያ ካርድ) አሠርተው ፈተኑኝ፣ አለፍኩ። “ተከሰህ ታውቃለህ?” ሲሉኝ እውነቱን ተናገርኩ። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን ከደነች። “እንደውላለን” አለችኝ። አልደወሉም። ሁለተኛው ቦታ ዝም አልኩ። ልጀምር ሁለት ቀን ሲቀረኝ ከሰፈር ሰው ሰምተው ተዉኝ። “ለምን ደበቅከን?” አሉኝ። ይኼኛው ይበልጥ አመመኝ። ሦስተኛው ተያዥ አምጣ አለኝ። ድሮ ተያዥ የሚሆነኝ አጎቴ ነበር። አሁን ልጠይቀው አፈርኩ፤ እሱም አላነሳውም።

እስቲ ምከሩኝ። ልናገር ወይስ ዝም ልበል? ነፃ መውጣቴን የሚያሳይ ወረቀትስ አለ?

መዝገብ ቤት፦
ወንድሜ፣ አይዞህ። ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ወረቀቱ አለ፤ የውሳኔ ግልባጭ ይባላል። የመዝገብ ቁጥርህን ይዘህ ጉዳዩን ወዳየው ፍርድ ቤት ሂድና ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ ጠይቅ። ከአንድ በላይ አውጣ። አንዱን አሻራ ለሰጠህበት ፖሊስ አስገባና ቀሪው ላይ አስፈርም። ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። ክሱ እዚያ ተመዝግቦ ውሳኔው ሳይደርስ ከቀረ፣ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ስትጠይቅ ያጉላላሃል።

ቅጽ ስትሞላ ጥያቄውን ረጋ ብለህ አንብብ። “ተፈርዶብህ ያውቃል?” ካለ “አያውቅም” በል፤ እውነት ነው። “ተከሰህ ታውቃለህ?” ካለ “አዎ፣ በነፃ ተሰናብቻለሁ” በልና ግልባጩን አያይዝ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ገና በክርክር ላይ ያለን ሰው እንኳ እንደ ጥፋተኛ አትቁጠሩ ይላል። ላንተማ ተወስኖልሃል።

ስንብቱን ሳነበው በጣም ተናደድኩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከ30 ቀን ያልበለጠ እስር፣ አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ ከተነገረው፣ ውሉን ያግደዋል እንጂ አያቋርጠውም። ግን ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ያንተ አልፏል። ይህን የምጽፈው ዛሬ ልጃቸው ለታሰረባቸው ነው። ለአሠሪው ቶሎ በጽሑፍ አሳውቁ።

ዓባይ ማዶ፦
እኔ ተፈርዶብኛል። ተጣልቼ ሰው ጎድቼ 2 ዓመት ከ3 ወር ታስሬያለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ብየዳ የተማርኩት ማረሚያ ቤት ነው። ስወጣ እዚሁ ዓባይ ማዶ በርና መስኮት የሚሠሩ አንድ ጋሼ ጋ ሄድኩ። “ታስሬ ነው የወጣሁት፤ ብየዳ እችላለሁ” አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። ሁለት ቁራጭ ብረት አቀበሉኝና “ያዝ” አሉኝ። በየድኩት። በመዶሻ ሁለቴ መቱት፤ አልተላቀቀም። “ነገ ና” አሉኝ።

ሦስት ወር ሙሉ ማታ ከሱቁ ቀድሜ የምወጣው እኔ ነበርኩ። እሳቸው ይዘጉና ቁልፉን ኪሳቸው ይከቱታል። አንድ ቅዳሜ ለቅሶ ተጠሩ። ጋቢያቸውን ለበሱና ሲወጡ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡት። ምንም አላሉም። ያን ቀን ከዘጋሁ በኋላ ሦስቴ ተመልሼ ጓጉንቸሩን ነካሁት። አሁን 4 ዓመት ሆነኝ፣ አብሬያቸው አለሁ።

ወንድሜ፣ ትልልቁን ድርጅት ብቻ አትመልከት። ትንሽ ቦታ እጅህን አይተው ይቀጥሩሃል።

መዝገብ ቤት፦
ዓባይ ማዶ፣ አንተ ደግሞ መሰየምን፣ ማለትም የተፈረደብህ ከመዝገብ እንዲሰረዝልህ ጠይቅ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ውስጥ አለ። ቀላል እስራት ከሆነ ቅጣቱን ከጨረስክ 2 ዓመት፣ ጽኑ ከሆነ 5 ዓመት ሲሞላህና ጠባይህ መልካም ከሆነ ለፍርድ ቤቱ ታመለክታለህ። ከተፈቀደልህ ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል።

እንግዳ ማረፊያ፦
ሐይቁ አካባቢ 12 ክፍል ያለው ማረፊያ አለኝ። እንደ ቀጣሪ ልንገርህ፤ የሚያስደነግጠኝ ነገሩን ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው ነው። ሳትጠየቅ ራስህ ንገራቸው። አታስረዝመው። “ተከስሼ ነበር፣ ውሳኔው ይኸው፣ ተያዤ እገሌ ነው” በቃ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። አምና አንድ ልጅ ተከስሶ ነበር ሲሉኝ መልሼዋለሁ። በምን እንደተከሰሰ እንኳ አልጠየቅኩትም። ጽሑፍህን ሳነብ ፊቱ መጣብኝ። ስልኩ አለኝ፤ እደውልለታለሁ።

ስቶር ኪፐሩ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ግልባጩን አወጣሁ፤ 6 ገጽ ነው። ለፖሊስ አስገብቼ ቀሪው ላይ አስፈረምኩ። ከዚያ አጎቴ ቤት ሄድኩ። መነጽሩን አድርጎ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አነበበው። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ አልተናገረም። አጣጠፈው፣ ኪሱ ከተተውና “ፎቶና መታወቂያ ብቻ ነው የሚፈልጉት ወይስ የደመወዝ ማስረጃም?” አለኝ።