የሸሚዙ አዝራር ወሬ በ«ሳይንፌልድ» የመጨረሻ ክፍል

«ሳይንፌልድ» ስለተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን አስቂኝ ተከታታይ ድራማ የመጨረሻ ክፍል አጭር ትንታኔ እየጻፍኩ ሳለ አንድ ትዕይንት ላይ ደርሼ መቀጠል አቅቶኛል። በ1998 እ.ኤ.አ. በተላለፈው በዚህ ክፍል አራቱ ጓደኛሞች በማሳቹሴትስ ግዛት ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ አንድ ሰው መኪናውን በዘራፊ ሲነጠቅ ቆመው እያዩ፣ ከመርዳት ይልቅ በተዘረፈው ሰው ውፍረት ይሳለቃሉ፤ ክሬመርም በቪዲዮ ካሜራው ይቀርጻል። በአደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳትን በሚያስገድድ ሕግ ተከሰው የአንድ ዓመት እስራት ይፈረድባቸዋል።

በእስር ክፍሉ ውስጥ ጄሪ የጆርጅ ሸሚዝ ሁለተኛ አዝራር የተተከለበት ቦታ ልክ እንዳልሆነ ይናገራል፤ ጆርጅም ይህን ነገር ከዚህ በፊት ተነጋግረንበት አልነበረም ወይ ሲል ይጠይቀዋል፤ ጄሪም ምናልባት ተነጋግረንበት ይሆናል ብሎ በግድየለሽነት ይመልስለታል። የ1989ኙን የመጀመሪያ ክፍል መልሼ ስመለከት የሁለቱ ወሬ የሚጀምረው በዚሁ አዝራር ነው።

መጀመሪያ የጻፍኩት፣ ደራሲው ላሪ ዴቪድ ገጸ ባሕርያቱ ከስሕተታቸው እንዳይማሩ የያዘውን የታወቀ መርሕ መሠረት በማድረግ፣ እውነተኛው ቅጣታቸው እስራቱ ሳይሆን ያንኑ ወሬ ለዘላለም መደጋገማቸው ነው የሚል ነበር። ይህን ትርጓሜ በጣም እወደዋለሁ። ሆኖም የጆርጅ ጥያቄ ያፈርስብኛል፤ ድግግሞሹን ራሱ ካስተዋለ ቢያንስ አንድ ነገር ገብቶታል ማለት ነውና። ንግግሩን ለተመልካች ብቻ የተተወ ማስታወሻ አድርጌ ስወስደው ደግሞ፣ የቀድሞ በደላቸው በምስክሮች አንደበት እየተነሣ የተካሄደው ያ ረጅም ችሎት በገጸ ባሕርያቱ ላይ ምንም ያላስከተለ ይሆንብኛል።

ታዲያ የጆርጅን ጥያቄ የመንቃት ምልክት አድርጎ መረዳት ይቻላል ወይስ ጄሪ በግድየለሽነት የሰጠው መልስ ያንን በር ይዘጋዋል?