«ባሱ ሥር ሰደደ» ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?

ሚዛን፦ ትናንት የተለጠፈውን አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። አንድ ወንድማችን የአምፑን፣ ማለትም የድምፅ ማጉያውን፣ የኤሌክትሪክ ገመድ በወፍራም ቀየረና «ባሱ ሥር ሰደደ፣ ካላመናችሁ ግራፉ ይኸው» ብሎ ከለውጡ በፊትና በኋላ በማይክ የለካውን የድምፅ መጠን በሁለት መስመር ለጠፈ። እሺ፣ ግራፉን አየነው። ባሱ ባለበት፣ ከ200 ኸርዝ በታች፣ ሁለቱ መስመሮች አንዱ በሌላው ላይ ተኝተዋል። ልዩነት ያለው ቀጭኑ ድምፅ ጋ፣ 8 ኪሎኸርዝ ላይ ነው፣ እሱም በድምፅ መጠን መለኪያው 1.5 ዲሲቤል። 8 ኪሎኸርዝ ባስ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ባለገመዱ፦ «አንድ ወንድማችን» የተባልኩት እኔ ነኝ። ባሱን የሰማሁት በጆሮዬ ነው። ግራፉን የለጠፍኩት ልዩነት መኖሩን ለማሳየት ነው። ልዩነት አለ የለም? አለ። አበቃ።

ሚዛን፦ አላበቃም። ጆሮህ ባስ ይላል፣ ግራፍህ ትዊተር፣ ማለትም ቀጭን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር፣ ይላል። ሁለት ምስክር አቁመህ ሁለቱም ሌላ ሌላ ነገር ሲናገሩ የቱን እንመን?

ጆሮዳባ፦ እናንተ ሰዎች የምትሰሙት ሙዚቃ ነው ካልኩሌተር? ልጁ ደስ ብሎታል፣ ተዉት በቃ።

ሶልደር፦ ደስ ይበለው፣ ማን ከለከለው። እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። ገመዱን ስትቀይር ማይኩ የት ነበር?

ባለገመዱ፦ ስታንድ ላይ። ንክች አላደረግኩትም።

ሶልደር፦ አምፑስ?

ባለገመዱ፦ መሰኪያው ከኋላ ስለሆነ ትንሽ ሳብ አድርጌው ነበር። ስፒከሮቹ ያሉበት ጠረጴዛ ላይ ነው የተቀመጠው። ምን ልትል ነው?

ሶልደር፦ ልል የፈለግኩትን አንተው ጨረስከው። 8 ኪሎኸርዝ ላይ አንድ ሞገድ ርዝመቱ 4 ሴንቲሜትር ከምናምን ነው። አምፑን ስትጎትት ስፒከሩ በጣት ስፋት ዞር ካለ፣ ከጠረጴዛው ነጥሮ የሚመጣው ድምፅ በቀጥታ ከሚመጣው ጋር ማይኩ ላይ የሚገጥምበት ሁኔታ ይለወጣል። አንዱ ጋ ይጎድላል፣ ሌላው ጋ ያብጣል። 1.5 ዲሲቤል ለዚህ ኢምንት ናት። ባሱ ያልተነቃነቀውስ ለምን ይመስልሃል? የ50 ኸርዝ ሞገድ ወደ 7 ሜትር ይረዝማል፣ በጣት ስፋት አይደነግጥም። እስኪ ገመዱን ሳትነካ አምፑን ጎትተህ መልሰውና እንደገና ለካ።

ባለገመዱ፦ መልስ ስታጡ ወደ ማይክ ሸሻችሁ። ኤሌክትሪኩን ለምን አታነሱም? አምፕ ኤሌክትሪክ የሚስበው በእርጋታ አይደለም። ውስጡ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮች የሚሞሉት የሞገዱ ጫፍ ላይ ብቻ ነው፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ጎንጨት ጎንጨት ያደርጋሉ። በዚያች ቅጽበት 10 አምፔር ቢስብስ? ቀጭን ገመድ ያንቀዋል።

ሶልደር፦ ጎንጨት ያልካት እውነት ናት፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ብሎ የተከራከረኝ ሰው የለም። በራስህ 10 አምፔር እናስላው። 1.5 ሜትር ገመድ፣ ውፍረቱ 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር፣ መዳብ፣ ደርሶ መልስ 0.035 ኦም አካባቢ ነው። በ10 አምፔር 0.35 ቮልት ይጥላል። በ230 ቮልት መስመር የሞገዱ ጫፍ 325 ቮልት ነው፣ ስለዚህ የጎደለው ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ነው። አምፑ አቅሙ እስኪያልቅ ተከፍቶ ቢጮህ እንኳ 0.01 ዲሲቤል አይሞላም። ደግሞ ከግድግዳው ውስጥ እስከ ቆጣሪው ድረስ የተዘረጋው ሽቦ አለ። እሱን ማን ሊያወፍርልህ ነው?

ጆሮዳባ፦ ሥር መስደድ በዲሲቤል አይለካማ። ቃሉ ራሱ ይናገራል። ዛፍ ሥር ሲሰድ ቁመቱ ይጨምራል? አይጨምርም። ግን ንፋስ አያነቃንቀውም።

ሚዛን፦ ጎበዝ፣ እርሻ ገባን። የማይለካ ከሆነ ግራፍ ለምን ተለጠፈ? ሲመቻችሁ ግራፍ፣ ሳይመቻችሁ ዛፍ።

ባለቲዩብ፦ ገመዱን ተዉትና እኔ ሌላ ቂም አለኝ። ሚዛን ባለፈው «አምፕ ሁሉ አንድ ነው» ብለሃል። የኔ የቲዩብ አምፕ፣ በትራንዚስተር ፋንታ በመስታወት ቱቦ የሚሠራው፣ በውጤቱ በኩል 2 ኦም ኢምፒዳንስ፣ ማለትም ለኤሌክትሪኩ ተቃውሞ፣ አለው። ስፒከሬ እንደ ፍሪኩዌንሲው ከ4 እስከ 20 ኦም ይዋዥቃል። አስላው፣ ከ2.5 ዲሲቤል በላይ ልዩነት ይመጣል። ይህ ይለካል፣ ይሰማልም። አንድ ነው እንዴ?

ሚዛን፦ ቃሌን አትቁረጥ። «በደንብ የተሠራ፣ አቅሙ ያላለቀ፣ ድምፁ በ0.1 ዲሲቤል የተስተካከለ» ብዬ ነበር። አምፕ ሠሪው ቦብ ካርቨር እ.ኤ.አ. በ1985 ምን እንዳደረገ ታውቃለህ። ትራንዚስተር አምፑን ከአንድ ውድ አምፕ ጋር አስተያይቶ፣ የሁለቱን ውጤት አቀናንሶ ቀሪው ሊጠፋ ምንም እስኪቀረው ድረስ አስተካከለ። የስቴሪዮፋይል መጽሔት ሰዎች ያን ሁሉ ሰምተው መለየት አልቻሉም።

ባለቲዩብ፦ አስተካከለ! ራስህ ጻፍከው፣ «አስተካከለ»። አንድ ከነበሩ ምኑን ነው ያስተካከለው?

ሚዛን፦ የሚለካውን ነዋ!

ባለቲዩብ፦ ስለዚህ ልዩነት ነበረ። አመሰግናለሁ።

ሚዛን፦ ኧረ በስመ አብ። እኔ እኮ ልዩነቱ ይለካል ነው የምለው፣ አንተ ደግሞ የለም እንዳልኩ አድርገህ ትመልስልኛለህ።

ጆሮዳባ፦ እርስ በርስ ተበሉ፣ እኛ ሙዚቃ እየሰማን ነው።

ሶልደር፦ ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። ገመድ በአንድ በኩል ለውጥ ያመጣል፣ በግራውንድ፣ ማለትም ወደ መሬት በሚሄደው የደህንነት ሽቦ። ሁለት መሣሪያ ሁለቱም በግራውንድ ተሰክተው ድምፁን በሚያስተላልፈው አርሲኤ ገመድ ሲገናኙ ቀለበት ይፈጠርና እምምም የሚል ድምፅ ይመጣል፣ 50 ኸርዝና ብዜቶቹ። የግራውንዱ ሽቦ ወፍራም ወይም ቀጭን መሆኑ እሱን ከፍ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ግን ግራውንዱን ቆርጣችሁ እንዳታስወግዱት። አንድ ሰው እንደዚያ አድርጎ ሲያመጣልኝ የአምፑን ሳጥን ስነካ ነዘረኝ።

ባለገመዱ፦ አያችሁ? ጋሼ ሶልደር ራሳቸው «ገመድ ለውጥ ያመጣል» አሉ። ስክሪንሾት ወስጃለሁ።

ሚዛን፦ እምምም ማለት ባስ ነው እንዴ?

ባለገመዱ፦ 50 ኸርዝ ነው ተብሏል። 50 ኸርዝ ባስ አይደለም?

ሚዛን፦ እንግዲህ ሥር የሰደደው ያ እምምም ነበር በለኛ!

ሶልደር፦ ልጆች፣ ቀጥታ እንሂድ። ማይኩን ተዉት። ሁለቱንም ገመድ ይዛችሁ የአምፑን ውጤት ከስፒከር ተርሚናሉ ላይ ቅዱ። በቀጥታ ሳውንድ ካርድ ላይ እንዳትሰኩት፣ በሬዚስተር ቀንሱት፣ አለዚያ ካርዱ ይቃጠላል። ከዚያ አንዱን ቅጂ ገልብጣችሁ ከሌላው ጋር ደምሩ። የሚቀረው ልዩነቱ ነው። ባዶ ከሆነ ባዶ ነው።

ጆሮዳባ፦ ቅጂ ነፍስ የለውም፣ እሱን አልቀበልም። ዓይን ሸፍኖ መስማትም ሰውን ያስጨንቃል።

ባለቲዩብ፦ ዓይንህን ሲሸፍኑህ ጆሮህ የሚጠፋ ከሆነ ሲጀመር በምንህ ነበር የምትሰማው?

ጆሮዳባ፦ አንተ ደግሞ አሁን ከማን ጋር ነህ?

ባለቲዩብ፦ ከቲዩቤ ጋር።

ባለገመዱ፦ እሺ፣ ጋሼ ሶልደር እንዳሉት አድርጌያለሁ። ገመዱን ሳልነካ አምፑን ጎትቼ መለስኩትና ለካሁ። 6 ኪሎኸርዝ ላይ 2 ዲሲቤል ተለወጠ። ይሁን፣ ግራፉን አጠፋዋለሁ። ባሱ ግን ሥር ሰዷል።

ጆሮዳባ፦ አልኳችሁ።

ሚዛን፦ ምኑን ነው ያልከን?