የጣቶቼ መደንዘዝ አልለቀኝ አለ፤ ምን ይሻለኛል?

ሰላም ለሁላችሁ። የጡት ካንሰር ሕክምናዬን ከጨረስኩ አምስት ወር ሆነኝ፤ ተመስገን ነው። በመጨረሻዎቹ ዙሮች የተሰጠኝ ፓክሊታክሰል የሚባለው መድኃኒት ነበር። ከዚያ ወዲህ የጣቶቼ ጫፍ ደንዝዟል። ማታ ማታ ደግሞ ጉንዳን እንደወረረው ይነዝረኛል።

የሸሚዜን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ የሰባት ዓመት ልጄ ናት። ባለፈው እሁድ ቡና ሳፈላ የጋለውን ጀበና አንገቱን ያዝኩት። መቃጠሌን ያወቅኩት ጣቴ ውሃ ሲቋጥር አይቼ ነው። ሲኒውንማ ተዉት፤ ስድስት የነበሩት ሁለት ቀርተዋል።

ሐኪሜ መድኃኒቱ ነርቭ እንደሚጎዳ፣ ለማገገምም ወራት እንደሚወስድ ነግሮኛል። ስኳር የለብኝም። የቫይታሚን ቢ12 ምርመራዬም ደህና ነው። ለሕመሙ ዱሎክሰቲን ልጻፍልሽ አለኝ። ለድብርትም የሚሰጥ ነው ሲለኝ ግን ፈራሁና ላስብበት ብዬ ወጣሁ። ጎረቤቴ ደግሞ የቢ ኮምፕሌክስ መርፌ ተወጊ እያለች ትወተውተኛለች። ምርመራዬ ደህና ከሆነ ምን ሊጨምርልኝ?

ዱሎክሰቲን የወሰዳችሁ አላችሁ? መደንዘዙንም ቀነሰላችሁ ወይስ ሕመሙን ብቻ? ፊዚዮቴራፒስ ሞክራችኋል? ደግሞ እባካችሁ፣ ሽንኩርት እንዴት ነው የምትከትፉት? እኔ ቢላ መያዝ ፈርቻለሁ።