ፓርኪንሰን፦ መንቀጥቀጡ ረገበ፣ ማዞሩና የሆድ ድርቀቱ ግን ባሰ። ከየት ልጀምር?

ሲስተር ዘተክልዬ
ሰላም ለሁላችሁ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ እቤታቸው እየሄድኩ የምከታተላቸው የ71 ዓመት አባት አሉ። ፓርኪንሰን እንዳለባቸው ከታወቀ 6 ዓመት ሆኗል። ለፓርኪንሰኑ ሌቮዶፓ ካርቢዶፓ 250/25 ግማሽ ግማሽ ክኒን በቀን ሦስቴና አርቴን 2 ሚ.ግ. ሁለቴ፣ ለእንቅልፍ ደግሞ ማታ አሚትሪፕቲሊን 25 ሚ.ግ. ይወስዳሉ። እጃቸው ደህና ነው። ያስቸገረው ሌላው ነው፦ በ5 ቀን አንዴ ነው ሰገራ የሚወጡት፣ ጠዋት ሲነሱ ያዞራቸዋል፣ ሌሊት አራቴ ለሽንት ይነሳሉ (ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው)፣ ሰሞኑን ደግሞ ሲመሽ የሌለ ሰው ይታያቸዋል። ቤተሰቡ «በሽታው ጠንቶ ነው፣ ሌቮዶፓው ይጨመር» ይላል። እኔ አልወደድኩትም። ምን ትላላችሁ?

ፋርማሲስት ቸርችል
አለመውደድሽ ልክ ነው ሲስተር። ሌቮዶፓ ራሱ ግፊት ያወርዳል፣ የሌለ ነገርም ሊያሳይ ይችላል። መጨመሩ ሁለቱንም ያባብሳል።

የኔ ዓይን ያረፈው አርቴኑና አሚትሪፕቲሊኑ ላይ ነው። ሁለቱም አሴቲልኮሊንን (የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ነው) ያግዳሉ። እሱ ሲታገድ አንጀት ይንቀረፈፋል፣ ሽንት ከፊኛ ተሟጦ አይወጣም፣ የአዛውንት አእምሮ ይደፈርሳል። አሚትሪፕቲሊን በዚያ ላይ ሲቆሙ ግፊት ይጥላል። በዚህ ዕድሜ የአርቴን ጉዳቱ ከጥቅሙ ያመዝናል፤ ግን በአንድ ጊዜ እንዳታስቆሚ፣ ግትርነቱ ክፉኛ ይመለሳል። ሐኪማቸው ሁለቱንም በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያደረገ ይቀንስ፣ መጀመሪያ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን።

ማቅለሽለሽ ቢመጣ ፕላሲል፣ ለሚታያቸው ነገር ደግሞ ሃሎፔሪዶል እንዳይሰጣቸው። ሁለቱም ዶፓሚንን፣ ማለትም በፓርኪንሰን የሚያንሰውን የአእምሮ ኬሚካል፣ ያግዳሉ፣ ሰውነታቸውን እንደ እንጨት ያደርቁታል። ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ቢገቡ ቀድመው የሚታዘዙት እነዚህ ስለሆኑ ስማቸውን በትልቁ ጽፈሽ ከካርዳቸው ጋር አያይዢው። የሽንት ኢንፌክሽንም ይመርመር፤ አዛውንት ላይ ትኩሳት ባይኖርም ቅዠት ያመጣል።

የነርቭ ሬዚደንት
ከሁሉ በፊት ግፊታቸውን በትክክል ለኪ። ክሊኒክ ውስጥ ተቀምጠው ብቻ ከተለኩ ችግሩ ያመልጣል። 5 ደቂቃ በጀርባቸው ይተኙ፣ ለኪ። ይቁሙ፣ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ድገሚ። ደግፎ የሚይዝ ሰው አጠገባቸው ይኑር። የላይኛው በ20፣ ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ማዞሩ ምክንያት አገኘ ማለት ነው።

እስከዚያው፦ ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይጠጡ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ 2 ደቂቃ ተቀምጠው እግራቸውን ያንቀሳቅሱ፣ ከዚያ ይነሱ። በአልጋው ራስጌ እግሮች ሥር ከ15 እስከ 20 ሳ.ሜ. የሚሆን ጡብ ወይም ጣውላ አስገቡ። ትራስ መደራረብ አይተካውም፣ አንገት ብቻ ነው የሚያጎብጠው። ጠፍጣፋ ሲተኙ ግፊታቸው ሽቅብ ይወጣና ኩላሊት ሌሊቱን ሽንት ሲያመርት ያድራል፤ አራቴ የሚያስነሳቸው አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ሌሊት ግቢ አይውጡ፣ ፖፖ አልጋው አጠገብ ይቀመጥ፣ ትንሽ መብራትም ይብራ።

ሥነ ምግብ አራት ኪሎ
ስለ ሆድ ድርቀቱ ልጨምር። ጄምስ ፓርኪንሰን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1817 በሽታውን ሲገልጽ ሳይጠቅሰው አላለፈም፤ ከመንቀጥቀጡ ብዙ ዓመት ቀድሞም ሊመጣ ይችላል። በ5 ቀን አንዴ ከሆነ ግን በተልባ አትጀምሪ። ደርቆ የተዘጋ ሰገራ ካለ መጀመሪያ ይጸዳ፤ ጎን ጎኑን የሚያመልጥ ቀጭን ፈሳሽም ተቅማጥ እንዳይመስላችሁ። ከዚያ ሰገራ የሚያለሰልስ መድኃኒት፦ ላክቱሎስ በቀን ከ15 እስከ 30 ሚ.ሊ.፣ ወይም ማክሮጎል፣ ሐኪም እንዳዘዘው። ሲስተካከል በቀን 1 የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ተልባ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ፣ ከመድኃኒቱ ሰዓት ራቅ ተደርጎ። ውሃ ካነሰ ተልባ ራሱ ይደፍናል፤ መዋጥ ከከበዳቸውም ይቅር።

ሌቮዶፓውን ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ወይም ከበሉ 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ ይውሰዱት። ፕሮቲን ሥጋ ብቻ አይደለም፣ የጾም ሽሮና ምስርም ከመድኃኒቱ ጋር ይሻማሉ። እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይጠጡ የሚጾሙ ከሆነ ቤተሰቡ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገር፣ ለሕመምተኛ ይፈቀዳል።

ሲስተር ዘተክልዬ
ለካሁ። ተኝተው 138/82፣ ቆመው በ3ኛው ደቂቃ 104/66። ሌላም ተገኘ፦ ቤተሰቡ ያልነገረኝ፣ ጠዋት ጠዋት የሚወስዱት የደም ግፊት መድኃኒት፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚ.ግ.፣ አለ። ሌላ ቦታ ነው የታዘዘላቸው።

የነርቭ ሬዚደንት
የላይኛው 34 ወርዷል፣ ትልቅ ነው። ያ ክኒን ውሃቸውን በሽንት ያስወጣል፣ ስለዚህ ከግፊቱ መውረድ ሌላ የሆድ ድርቀቱም ላይ እጁ አለበት። መቆም አለመቆሙን ሐኪሙ ይወስን፣ ግን ቀጠሮውን አሳጥሪው። የ3 ቀን የጠዋትና የማታ ልኬት በወረቀት፣ ቤት ያለው መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ይሂድ። በመሃል ራሳቸውን ስተው ከወደቁ፣ ወይም ሽንት ጨርሶ እምቢ ካለ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።