ሱቁ ተሸጠ፣ ሽጉጡ ቀረ፦ ሜሪላንድ ላላችሁ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሱቄን ሸጬ ተገላግያለሁ። ለሱቁ ብዬ ከስምንት ዓመት በፊት የገዛሁት ሽጉጥ ግን እጄ ላይ ቀረ። ባለቤቴ ቤት ውስጥ ማየት አትፈልግም። ድሮ አብሮኝ ታክሲ ይነዳ የነበረ ልጅ ልግዛው ብሎኛል። የታወቀ ሰው ነው፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነን። ወረቀት ጽፈን፣ ሁለት ምስክር አስፈርመን ብንጨርስ አይበቃም? የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ።

መልስ፦

ወንድሜ፣ አይበቃም። እንዲያውም ያ የሁለት ምስክር ወረቀት ጥፋታችሁን በእጃችሁ ጽፋችሁ መፈረም ነው።

አገር ቤት መኪና በውክልና ሲሸጥ ሳታይ አትቀርም። ብሩ ይቆጠራል፣ ቁልፉ ይሰጣል፣ ሊብሬው ግን በሻጩ ስም ይቀመጣል። መኪናው የሆነ ቀን ሰው ሲገጭ የማን በር ነው የሚንኳኳው? ሽጉጥም ያው ነው።

እዚህ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርህ። ፖሊስ ወንጀል ቦታ ላይ ሽጉጥ ሲያገኝ፣ የመለያ ቁጥሩን ዌስት ቨርጂኒያ፣ ማርቲንስበርግ ወዳለው የፌዴራል መከታተያ ማዕከል ይልካል። እዚያ ግን የአገሩን ሽጉጥ ባለቤቶች ሁሉ የያዘ መዝገብ የለም፤ ሕጉ ራሱ ይከለክላል። ስለዚህ ከፋብሪካው ይጀምራሉ። ፋብሪካው ለየትኛው አከፋፋይ፣ አከፋፋዩ ለየትኛው መደብር፣ መደብሩ ለማን እንደሸጠ ይጠይቃሉ። ክሩ የሚወስዳቸው መጀመሪያ ከመደብር ወደገዛው ሰው ነው። እሱ ደግሞ አንተ ነህ።

እኔ ደርሶብኛል። የሸጥኩት ሽጉጥ ከዓመታት በኋላ የሆነ ቦታ ተገኘና መርማሪ ደወለልኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ አልዋሽህም። ግን በመደብር በኩል ነበር የሸጥኩት፤ ወረቀቱ ካርቶን ውስጥ ነበር። ቀኑን፣ የማመልከቻ ቁጥሩን፣ የመደብሩን ስም አነበብኩለት። አመስግኖኝ ዘጋ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ወረቀቱ ባይኖር ያቺ ምሽት እንዴት ታልፍ እንደነበር እንጃ።

አሁን ወደ አንተ ጉዳይ። ሜሪላንድ ውስጥ ሽጉጥ ሰው ለሰው ሲሸጥም ወይ ፈቃድ ባለው ነጋዴ ወይ በስቴት ፖሊስ በኩል ማለፍ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ እንዲህ ነው። የማመልከቻ ፎርሙ 77አር ይባላል፤ ክፍያው 10 ዶላር ነው፣ ነጋዴው ለአገልግሎቱ የሚያስከፍለው ለብቻው። ከዚያ ሰባት ቀን መጠበቅ ነው። በዚህ ጊዜ ሽጉጡ ገዢው እጅ አይገባም፣ «እስከዚያ አንተ ጋ ይቀመጥ» የሚባል ነገር የለም።

ከባዱ ሸክም ያለው ገዢው ላይ ነው። 21 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ኤች ኪው ኤል የሚሉት የሽጉጥ መግዣ ፈቃድም ያስፈልገዋል። ይህ ከጥቅምት 2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣ ነው፤ አሻራ መስጠትና የአራት ሰዓት ሥልጠና አለው። ስለዚህ ጓደኛህን መጀመሪያ የምትጠይቀው «ስንት ትሰጠኛለህ?» ብለህ ሳይሆን «ኤች ኪው ኤል አለህ?» ብለህ ነው። ከሌለው ወረፋው ረጅም ነውና ሌላ ገዢ ፈልግ። ወይም ለራሱ ለመደብሩ ሽጥለት። ዋጋው ይወርዳል፣ ግን በዚያው ቀን ተገላግለህ ትወጣለህ። ለእኔ ይሄ ይሻላል።

ሽጉጡን ስትወስድ ጥይቱን አውጥተህ፣ በተዘጋ ሳጥን አድርገህ ነው። ወገብ ላይ ሻጥ አድርጎ ፖሊስ ጣቢያ መግባት የለም። ገንዘቡንም የስቴት ፖሊስ እሺታ ሳይመጣ አትቀበል። ተከልክሎ ሲመጣ ብሩን ለመመለስ መነታረክ ጓደኝነት ያበላሻል። ሲያልቅ የሞዴሉን ስም፣ የመለያ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የማመልከቻ ቁጥሩን የያዘ ወረቀት ቅጂ ወስደህ ከቤትህ ውል ጋር አስቀምጥ። ነጋዴውም የራሱን መዝገብ ይይዛል፣ አንተ ግን የሰው ካርቶን አትመን።

አሁን የምጽፈውን ግሪን ካርድ ያላችሁ ሁሉ አንብቡት። በሜሪላንድ ሕግ፣ እያወቀ ሕገወጥ የሽጉጥ ሽያጭ ውስጥ የገባ ሰው እስከ አምስት ዓመት እስርና እስከ 10,000 ዶላር መቀጮ ሊያገኘው ይችላል። ዜጋ ላልሆነ ሰው ግን በዚህ አያበቃም። የኢሚግሬሽን ሕጉ፣ መሣሪያ ከሕግ ውጭ በመግዛት ወይም በመሸጥ የተፈረደበትን ሰው ከአገር እንዲባረር ምክንያት ያደርገዋል። ግሪን ካርዱ አያድነውም። ሃያ ዓመት ታክስ የከፈለ ሰው በአንድ ሽጉጥ ሲጉላላ አስበው። ገዢውም በቱሪስት ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ከሆነ፣ ወይም ወረቀት የሌለው ከሆነ፣ በአጭሩ አይሆንም በለው።

ጥያቄ፦

እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ረሳሁ፤ ልጁ አሁን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ገብቷል። ለውጥ አለው?

መልስ፦

አዎ፣ ትልቅ ለውጥ። የፖቶማክን ወንዝ ተሻገርክ ማለት ሌላ ስቴት ነው። በፌዴራል ሕግ፣ የሌላ ስቴት ነዋሪ ለሆነ ሰው በቀጥታ መሸጥ አትችልም። ሽጉጡ ቨርጂኒያ ውስጥ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ጋ ደርሶ ልጁ ከእሱ ነው የሚረከበው። ፎርም 4473 የሚባለውን የፌዴራል ወረቀት እዚያው ይሞላል። እዚህ ያለ ነጋዴ ይልክልሃል፣ ራስህ ፖስታ ቤት ይዘህ እንዳትሄድ።

ሌላ አባል፦

እኔ ለልጄ በስጦታ ብሰጠውስ? ሽያጭ አይደለም።

መልስ፦

እናቴ፣ ስጦታም ወረቀት አለው። ለትዳር ጓደኛ፣ ለወላጅ፣ ለአያት፣ ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ፣ ለእህትና ለወንድም ከሆነ 10 ዶላሯ ትቀራለች። ተቀባዩ ግን በአምስት ቀን ውስጥ ፎርሙን ሞልቶ ለስቴት ፖሊስ ይልካል። የአጎት ልጅ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። እኛ «ወንድሜ ነው» እንላለን፣ እነሱ ግን እንደዚያ አይቆጥሩም።